በደሴ የንግድ ክርክር ጠበቃ ነኝ፤ ጠይቁኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሦስት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ ያለን ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። እንጀራችን የነጋዴ ጠብ ነው፤ ያልተከፈለ ዱቤ፣ ስንቅ (በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ) የሌለው ቼክ፣ የተጣሉ ሸሪኮች፣ ሳይደርስ የቀረ ጭነት። ከመዝገቦቻችን ግማሹ ኮምቦልቻ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እንወርዳለን። ፍቺና ወንጀል አንይዝም። በችሎት ላይ ስላለ ጉዳይ አልመልስም፤ የሰውም ሆነ የድርጅት ስም ብትጽፉልኝ አልፈዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሰው ብቻ ያለው ቢሮ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ቢሮዎች ጋር ምን ብሎ ይከራከራል? የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ሁልጊዜ ጠበቃ የሚያመጣው ከዚያ ነው።

መልስ፦ በመጀመሪያ «ትልቅ የጥብቅና ድርጅት» የሚባለው ነገር ራሱ አዲስ ነው። ጠበቆች ተሰባስበው በድርጅት መልክ እንዲሠሩ በግልጽ የተፈቀደው በ2013 በወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ከዚያ በፊት አንድ በር ላይ አምስት ስም ቢለጠፍም አምስቱም በየግል ፈቃዳቸው የሚሠሩ፣ ኪራይና መደርደሪያ የሚጋሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ ዛሬም እንደዚያው ነን።

ከአዲስ አበባ የሚመጡት ውስጥ እጅግ የማከብራቸው አሉ። ነገር ግን 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደርሶ «ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» የተባለ ጠበቃ የመንገዱንና የሆቴሉን ወጪ የሚያስከፍለው ደንበኛውን ነው። እኔ ግን ቀጠሮው ቢለወጥ ሻይ ጠጥቼ ወደ ቢሮዬ እመለሳለሁ። ጉዳዩ ሰበር (የመጨረሻው የሕግ ስሕተት የሚታረምበት ችሎት) ሲደርስ የአዲስ አበባውን ሰው ብትጨምሩ ቅር አይለኝም።

ጥያቄ (የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ)፦ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ 380 ሺህ ብር የሚያወጣ ሲሚንቶና ብረት በዱቤ ሰጠሁ። ውል አልተጻፈም። ያለኝ የዱቤ ደብተሬና የጫነው ሾፌር ነው። ማመልከቻ በክፍያ የሚጽፍ አንድ ራፖር ጸሐፊ «ያለ ጽሑፍ ከ500 ብር በላይ አይከሰስም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሰው ሁለት ነገር ቀላቅሎብዎታል። የ500 ብሩ ገደብ ያለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ላይ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ብድር ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለበለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ሕጉ በ1952 ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ሰው ምሳ ነው። ገደቡ ግን አልተነካም።

የእርስዎ ጉዳይ ሽያጭ ነው። ሲሚንቶና ብረት ለመሸጥ ሕጉ የተለየ የውል አጻጻፍ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ምስክር ይሰማል። ሾፌሩ፣ ያወረዱት ሠራተኞች፣ የማስረከቢያ ወረቀት፣ ተቋራጩ በከፊል የከፈለበት የባንክ ዝውውር፣ በስልክ የላከው «ሳምንት ታገሠኝ» የሚል መልእክት፣ ሁሉም ይጠቅማል።

አደጋው ክሱ ሲጻፍ ነው። በሽያጭ የተሰጠ ዕቃ «ያበደርኩት 380 ሺህ ብር» ተብሎ የተጻፈበት ክስ በእጄ ገብቶ ያውቃል። ተከሳሹ አንቀጽ 2472ን መዝዞ ምስክሮቹን ከበር አስመለሳቸው። አንዲት ቃል ነች። ከመክሰስዎ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ የተቀበለበትን ፊርማም ይያዙ። በእኛ ቢሮ ከሚመጣው የዱቤ ጉዳይ ብዙው በዚያ ደብዳቤ ያልቃል። ሰው ጠበቃ እንደያዛችሁ ሲያውቅ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣለት አላውቅም፣ ግን ይመጣለታል።

ጥያቄ፦ ቼክ ሰጥቶኝ ባንክ ስሄድ ሒሳቡ ባዶ ሆነ። ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ እናንተ ጋ?

መልስ፦ ሁለቱም ይቻላል። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ነገር ግን የታሰረ ሰው አይነግድም፤ የማይነግድ ሰው አይከፍልም። ገንዘቡን ለማግኘት በአጭር ሥነ ሥርዓት የሚቀርብ የፍትሐ ብሔር ክስ ይሻላል፤ ይህ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 ላይ ያለ መንገድ ነው። ተከሳሹ ለመከላከል መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃድ ካላገኘ ይፈረድበታል። ቼክ ጊዜ ያልፍበታልና መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በ2014 ጦርነቱ ሲገባ መጋዘኔ ተዘረፈ። በዱቤ የወሰድኩትን ጨርቅ ያቀረበልኝ ነጋዴ አሁን ዋጋውን ይጠይቀኛል። ከዐቅም በላይ ነው ብዬ መከራከር አልችልም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከዚያ ዓመት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁት አልቆጠርኩም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ በተያዙበት ጊዜ ያልተነካ ነጋዴ ጥቂት ነው። የእኛም ቢሮ በር ተሰብሮ፣ ኮምፒውተሮቹ ተወስደው፣ የደንበኞች ፋይል ወለሉ ላይ ተበትኖ ነው ያገኘነው። ስለዚህ የምመልሰው እንደ ባዕድ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ከዐቅም በላይ ከሆኑ ኃይሎች መካከል ይጠራዋል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ማንበቡን ያቆማል። አንቀጽ 1792 ግን ሁኔታው ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የማይቻል ያደረገ መሆን አለበት ይላል፤ ከባድ ወይም ውድ ማድረጉ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ «ጦርነት ነበር» ማለት ክርክሩን ይከፍታል እንጂ አይዘጋውም። በዚያ ወር ዕቃ ለማድረስ ቃል ገብቶ መንገድ የተዘጋበት ሰው ጥሩ መከራከሪያ አለው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ስምንት ወር ዝም ካለ መከራከሪያው ይሳሳል።

የእርስዎ ግን ከበድ ይላል። ጨርቁን ተረክበዋል፤ ከተረከቡ በኋላ ዕቃው ቢጠፋ ጉዳቱ የገዢ ነው። የቀረብዎት ግዴታ ገንዘብ መክፈል ብቻ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ከመጋዘኑ ጋር አልተዘረፈም ይባላል። ይህን ሁሉን ነገር ላጣ ሰው ፊት ለፊት መናገር ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ነው። ያም ሆኖ «እናሸንፋለን» ብዬ ገንዘብዎን ከምበላ ዛሬ ቢያዝኑብኝ እመርጣለሁ። ከእንዲህ ያለው አብዛኛውን የጨረስነው በስምምነት ነው፤ ወለዱ ቀርቶ ዋናው ዕዳ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ተከፋፍሎ። አቅራቢዎም ያንን ወር ያውቀዋል። አብሽር፣ መጀመሪያ ሰውዬውን አብረን እናናግረው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) እና ሽማግሌ እያለ ጠበቃ ለምን?

መልስ፦ የወሎ ሽማግሌ ከእኛ የተሻለ ያስታርቃል፤ አልከራከርም። ችግሩ ዕርቁ ሳይጻፍ «አሚን» ተብሎ ሲበተን ነው። ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ይክዳል፤ ሽማግሌዎቹም ሦስት ዓይነት ያስታውሳሉ። ዕርቁን ጻፉት፣ አስፈርሙት። ክስ ከተጀመረ ደግሞ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ብዙ ሙስሊም ደንበኞቻችን ወለድ አይፈልጉም። ሕጉ ለዘገየ ክፍያ በዓመት 9 በመቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን ካልጠየቃችሁት ፍርድ ቤቱ በራሱ አይጨምርላችሁም። ከክሱ ውስጥ አለማስገባት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዳኛ አውቃለሁ የሚል ጠበቃ አግኝቻለሁ። ዋጋውም ከእናንተ ይቀንሳል።

መልስ፦ ይሽሹ።

ጥያቄ፦ ክፍያችሁስ?

መልስ፦ እንደ ገንዘቡ መጠንና እንደ ድካሙ። የተወሰነውን ሲጀመር፣ ቀሪውን በሂደት። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በምትጠይቁት ገንዘብ መጠን ስለሆነ ለብቻው ነው፤ ያንን ከጠበቃው ዋጋ ጋር ደምሮ የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር አስለዩት። ከማንም ጋር ቢሆን የጥብቅና ውሉን በጽሑፍ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ስማችሁን በበጎ ሰምቻለሁ። ተሸንፋችሁ ግን ታውቃላችሁ? እውነቱን።

መልስ፦ እናውቃለን፤ አንዱን ልንገርዎት። ደንበኛችን ከዐሥር ዓመት በላይ በቆየ ዕዳ ተከሰሰ። ይርጋ ነበረን፤ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል መከራከሪያ። ይርጋ ግን ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሣውም፤ ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ካላነሣው እንደተወው ይቆጠራል። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለፍሬ ነገሩ ክርክር ተጨንቄ ስምንት ገጽ ስጽፍ ይርጋውን ዘለልኩት። በቀጠሮው ቀን ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ደንበኛውን ቢሮ ጠርቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት፤ የተቀበልነውንም ገንዘብ መለስን። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መልስ ከቢሮው ሳይወጣ ሁለተኛው ጠበቃ ይርጋን ብቻ ፈልጎ ያነበዋል። ያ ሰው አሁንም ደንበኛችን ነው፤ ሲያገኘኝ «ስንት ዓመቱ ነው?» እያለ ይቀልድብኛል።

ስም የሚባለው ነገር ደሴ ውስጥ ሌላም መልክ አለው። ከተማው ትንሽ ነው፤ ዛሬ የምከስሰው ነጋዴ የትናንት ደንበኛዬ ሊሆን ይችላል። ምስጢሩን የማውቀውን ሰው አልከስም፤ በዚህ ምክንያት ጥሩ ገንዘብ ያላቸው ጉዳዮች አልፈውናል። ባልደረባዬ አንዴ የአክስቱን ባል የሚነካ መዝገብ መልሶ ዘመዶቹ «ጥቅም አታውቅም» ብለው ዓመት ኮርፈውበታል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ተከራክሬ አሸንፌ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሳንቲም አላገኘሁም። ሰውዬው ሱቁን በሚስቱ ስም አድርጎታል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ነጋዴ ስለ ጠበቃው ለወዳጁ የሚያወራው በዚህ ነው፤ ፍርዱን በማምጣቱ ሳይሆን ብሩን በማምጣቱ። ክሱ ሲቀርብ፣ ንብረቱን ሊያሸሽ እንደሆነ አስረድቶ ከፍርድ በፊት ማስከበር (እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ማሳገድ) ይቻል ነበር፤ ያ አልፏል።

አሁን የአፈጻጸም ማመልከቻ አቅርቡ። ለዚህ ዐሥር ዓመት ስላላችሁ አልዘገያችሁም። የፍርድ ባለዕዳው ቀርቦ ስለ ንብረቱ በመሐላ እንዲመረመር መጠየቅ ትችላላችሁ። ሱቁ በማን ስም እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተዛወረም ይጣራ፤ ከክሱ በኋላ ከሆነ መከራከሪያ አለን። መኪና ካለው ሰሌዳውን፣ ሒሳብ ካለው የባንኩን ስም ያዙ። ፍርድ ቤቱ የተገኘውን ያስከብራል እንጂ ንብረት ፈልጎ አያመጣላችሁም። የፍርዱን ግልባጭ ይዛችሁ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ረቡዕ ኮምቦልቻ ችሎት ላይ ነኝ፤ እግረ መንገዴን ሱቁን ከውጭ አየዋለሁ።