ዕድራችን ለጤና ምርመራ ግራንት (የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ) ያገኛል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድራችን ለአባላቱ የደም ግፊትና የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ምርመራ ማዘጋጀት አስቧል። ብዙዎቻችን ኢንሹራንስ የለንም። አንድ ሰው «የፌዴራል ግራንት አወጣላችኋለሁ፤ የምዝገባውን ብቻ ክፈሉ» ብሎናል። እንመነው?
የዕድሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ኧረ ገንዘባችሁን ያዙ! ለፌዴራል ግራንት የሚያስፈልገው ምዝገባ «ሳም ዶት ጎቭ» (SAM.gov) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ነው፤ የድርጅቱ መለያ ቁጥርም እዚያው ይሰጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከፌዴራል አትጀምሩ። ለግራንቱ የሚቀርበው የሪፖርት ወረቀት ብቻውን ዕድሩን ያደክመዋል። በአካባቢያችሁ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኝ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ፈልጉ። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች መክፈል አልቻለም ብለው ሰው አይመልሱም፤ ክፍያውም እንደ ገቢና እንደ ቤተሰብ ብዛት ይቀንሳል። እነሱ ነርስ ያምጡ፣ እናንተ ሰው ሰብስቡ። ሰው ለመሰብሰብማ ዕድርን ማን ብሎት! በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ግፊቱ ከቡናው በፊት ይለካ፤ ቡና ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ሄፓታይተስ ቢን ማሰባችሁ ደስ ብሎኛል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ2023 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ቢያንስ አንዴ እንዲመረመር ይመክራል። ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ማን ይከታተለዋል? ይህ በጽሑፍ ሳይቀመጥ ቀን አትቁረጡ።