የሻጩ ወረቀትና የአባትሽ ጥማድ በሬ

«በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጎቴ 1 ኪሎዋት የሚል የነፋስ ተርባይን አግኝተው፣ አባቴ ጥማድ በሬ ሸጠው ስናን በሚባለው ወረዳ ባለው ግቢያችን እንዲተከል፣ እኔም ስመረቅ እንድመራው ይፈልጋሉ። መብራትና ስልክ ቻርጅ ለጎረቤት፣ ከተረፈም ወፍጮ። ወረቀቱ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። እኔ ሳሰላው በጣም ያንሳል። ‹ተምረሽ ከነጋዴ ታንሻለሽ?› ተባልኩ። ነፋስ ለሙያ ያዋጣል? ማስተርስስ ልቀጥል?»

እህቴ፣ ለእውነት የሚቀርበው ያንቺ ስሌት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 1 ኪሎዋት በ24 ሰዓት ተባዝቶ የመጣ ቁጥር ነው። ሌላውን ጥያቄሽን ወደ ኋላ ትቼ እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ የመጀመሪያ ግምቱን ለቤተሰብ ብሎ ያሳበጠ መሐንዲስ ሁለተኛውን ለአለቃው ያሳብጣልና።

ይህ ተርባይን 1,000 ዋት የሚሰጠው ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲሆን ነው፤ ትልልቅ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ነፋስ ማለት ነው። ሌት ተቀን እንዲያ የሚነፍስበት ግቢ ላይ ጎጆ አይቆምም። ስለዚህ የስም ሰሌዳውን ትተሽ ክንፉን ለኪ። የላክሽልኝ ዲያሜትር 2 ሜትር ነው፤ የሚጠርገው ክብ 3.14 ካሬ ሜትር ይሆናል። ካታሎግ የሚይዘው የአየር እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎግራም ነው፤ እሱ የባሕር ጠረፍ አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ 0.91 ገደማ ነው። ገና ሳይጀመር ሩቡ ሄደ። ወደ ጮቄ ተራራ በወጣሽ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይብሱን ይሳሳል።

የዓመቱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ነው እንበል። የነፋስ ኃይል የእፍጋቱ፣ የክቡ ስፋትና የፍጥነቱ ኪዩብ ብዜት ግማሽ ነው። 4 በ4 በ4፣ 64። ግማሽ በ0.91 በ3.14 በ64 ሲባዛ 91 ዋት ይመጣል። አንቺ እዚህ ላይ ነው የቆምሽው፤ እዚህ ላይ ግን ስሌትሽ ነፋሱን አሳንሶታል። ነፋስ ወጥ አይደለም፦ ግማሹን ቀን 2፣ ግማሹን 6 ቢነፍስ አማካዩ 4 ነው፤ የኪዩቦቹ አማካይ ግን 112 እንጂ 64 አይደለም። መለኪያ በሌለበት የተለመደውን የነፋስ ስርጭት ወስደን በ1.91 እናባዛለን፤ 174 ዋት። ከዚህ ውስጥ ማንኛውም ተርባይን ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ አይችልም፤ ቤትዝ የሚባለው ወሰን ነው። ትንሽ ተርባይን ከነጄኔሬተሩ 25 በመቶ ከያዘ ጎሽ ይባላል። 44 ዋት ቀረሽ፤ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት የሚቀይረው) ሩቡን ሲበሉት 0.8።

ከወረቀቱ ሠላሳ እጥፍ ያንሳል። 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ባለ 5 ዋት 6 አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት፣ ሠላሳ ያህል ስልክ፤ በቃ። የወፍጮ ሞተር 10 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ወፍጮውን ከወሬው አውጡት።

4 ያልኩት ግን ግምት ነው። 5 ቢሆን ኃይሉ በእጥፍ ያህል ያድጋል፣ 3 ቢሆን ከግማሽ በታች ይወርዳል። በአንድ ሜትር ስህተት ቤት ይፈርሳል፤ ስለዚህ ይለካ። 10 ሜትር የብረት ቱቦ፣ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ የተወጠረ፣ ጫፉ ላይ ባለ ኩባያ አኒሞሜትር (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ)፣ በየ10 ደቂቃው አማካይ የሚመዘግብ መቅጃ። ጊዜው ዓመት ነው። የየካቲትን ነፋስ ለክቶ በ12 ማባዛት የሻጩን ስህተት መድገም ነው። ዓመት ካልቻልሽ፣ የለካሽባቸውን ወራት በአቅራቢያሽ ካለ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ተመሳሳይ ወራት ጋር አነጻጽሪና የጣቢያውን ዓመት በዚያ ልክ ቀይሪው፤ ጣቢያው በ2 ሜትር ከፍታ ይለካ በ10 አስቀድመሽ ጠይቂ። ከዚያ በየፍጥነቱ የነፈሰውን ሰዓት ቆጥረሽ፣ 3 ላይ ይህን ያህል፣ 4 ላይ ይህን ያህል እያልሽ፣ ለእፍጋቱ ባስተካከልሽው የተርባይኑ የኃይል ኩርባ (በየፍጥነቱ ስንት ዋት እንደሚሰጥ የሚያሳየው መስመር) እያባዛሽ ደምሪ። የ1.91 ዘዴ ያኔ አያስፈልግሽም።

የግቢው ባሕር ዛፍ ሳይረሳ። የክንፉ ታችኛ ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ 10 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዛፉ 15 ሜትር ከሆነ ምሰሶው 26 ሜትር ነው፤ ዛፉ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። እንዲህ ያለ ምሰሶ ብዙ ጊዜ ከተርባይኑ ይወደዳል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ጣሪያ ላይ ወይም ከዛፍ ጀርባ ከተተከለ የሚደርሰው የተናወጠ ነፋስ ነው፦ ተርባይኑ ወዲያ ወዲህ ሲዞር ይውላል፣ ኩሽኔታው ያልቃል፣ ክንፉ ይሰነጠቃል። ባትሪው ሲሞላ ትርፉን የሚያቃጥል ማሞቂያ መኖሩንም ጠይቂ፤ ከሌለ ተርባይኑ ያለ ጭነት ከንፎ ራሱን ይሰብራል።

አሁን ወደ በሬው። አንድ 300 ዋት የፀሐይ ፓነል፣ በቀን 5 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ቢይዝና አንድ አምስተኛው ቢባክን፣ ከባትሪው በፊት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ያንን ሁሉ ምሰሶና ሽቦ ተሸክሞ ተርባይኑ የሚሰጠው 1 ነው። ክረምት ላይ ፓነሉ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ሁለተኛ ፓነል መጨመር ግን ምሰሶ ከማቆም ይቀላል። ጥማድ በሬ አርሶ የሚያበላ ሀብት ነው፤ ላልተለካ ነፋስ አይሸጥም። ይህን ለአባትሽ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ፣ አጎትሽ ባሉበት፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ይዘሽ። ይሉኝታ ካሸነፈሽ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ለሙያ ነፋስ ያዋጣል ወይ? ጎጃም ውስጥ ለብቻው አያዋጣም። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሌላ ቦታ ናቸው፤ አዳማ ሁለት ብቻውን 153 ሜጋዋት ነው፣ እዚያ መሄድ ከፈለግሽ ለጥገና ቡድን አመልክቺ። እዚህ ቅርብ ያለው ሥራ ፀሐይ ነው፦ የውኃ ፓምፕ፣ የጤና ኬላ መብራት፣ መስኖ። የእኔ ምርጫ ከተመረቅሽ በኋላ ሁለት ዓመት ፓነል ከሚተክሉ ሰዎች ጋር መሰላል ላይ መውጣት ነው፤ መስክ ላይ ያረጀ ሰው ስለሆንኩ አደላ ይሆናል፣ ግን የባትሪ ቮልቴጅ በእጇ ለክታ የምታውቅ መሐንዲስ ግምቷ አይዋሽም።

ማስተርስ ይቆይ።

የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ገና ካልመረጥሽ፣ የስናኑን ግቢ መለካት ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት መዝገብ ስትልኪልኝ የባሕር ዛፉን ቁመትና ከምሰሶው ያለውን ርቀት አብረሽ ጻፊ።