ከፊፍዝ ዊል ቶይ ሆለር ኋላ ሁለተኛ ተሳቢ መጎተት፦ ጥያቄና መልስ

ቶይ ሆለር ከፊቱ መኖሪያ፣ ከኋላው ጋራዥ የሆነ የካምፒንግ ተሳቢ ነው። የኋላ ግድግዳው ወርዶ ሞተር ሳይክልና ባለ አራት ጎማ ሞተር መጫኛ መወጣጫ ይሆናል። ፊፍዝ ዊል የሚባለው ዓይነት አፍንጫውን በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ላይ ያሳርፋል፤ የፒክአፑ ጋንቾ ነጻ ይሁን እንጂ የሰልፉ መጨረሻ ቶይ ሆለሩ ነው። ጀልባ ወይም ትንሽ ተሳቢ ከዚያ ኋላ ስለመጨመር አሜሪካ ካሉ አሽከርካሪዎች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። ባለ አንድ ቶን ዲዝል ፒክአፕ አለኝ፣ ጉልበቱ ይተርፋል። 40 ጫማ ቶይ ሆለር ኋላ ጀልባዬን ባስከትል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከጉልበቱ በፊት ሜትሮውን አውጣ። ፒክአፑ 21 ጫማ ነው እንበል። ቶይ ሆለሩ 40፣ አፍንጫው ፒክአፑ ላይ የሚደራረበው ወደ 5 ጫማ ሲቀነስ ሁለቱ 56 ጫማ ይሆናሉ። ጀልባው ከነተሳቢውና ከነሞተሩ 18 ጫማ ከሆነ ድምሩ 74 ነው። ኮሎራዶ የሚፈቅደው 70 ስለሆነ አይሆንም። ወደ ቴክሳስ ከወረድክ ደግሞ ገደቡ 65 ነው፤ እዚያ 13 ጫማ ተሳቢ ለማስከተል ቶይ ሆለሩ ከ36 ጫማ መብለጥ የለበትም። አንድ ነገር ልብ በል፦ በተሳቢው ጎን በትልቁ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ርዝመት አይደለም። "38" የሚል ተለጥፎበት ከ40 ጫማ የሚያልፍ ብዙ ነው። ፖሊስ የሚለካው ከፒክአፑ የፊት ፓራውልት እስከ ጀልባው ሞተር ጫፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነኝ። ሲዲኤል (የሥራ መንጃ ፈቃድ) አለኝ፣ ደብል የሚያስጎትተው "ቲ"ም አለበት። እንግዲህ የትም መሄድ እችላለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። የሥራ መንጃ ፈቃድህ ችሎታህን ያሳያል እንጂ ስቴቱ የከለከለውን አያስፈቅድም። ኒውዮርክ፣ ቨርጂኒያ፣ ፍሎሪዳ፣ ዋሽንግተንና ኦሪገን እንዲህ ያለውን ሦስት ቅጥልጥል ለግል መዝናኛ አይፈቅዱም። ሚኒሶታ ይፈቅዳል፤ ግን ፊፍዝ ዊሉ መቅደም አለበት፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 70 ጫማ ነው፣ ሹፌሩም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በመንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ዙሪያ ባሉት ሰባት ካውንቲዎች ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 6 እስከ 9፣ ከሰዓት በኋላም ከ4 እስከ 7 አይነዳም። ይህ በአሜሪካ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ12 እስከ 3 እና ከ10 እስከ 1 መሆኑ ነው። ሚሺጋን በመንጃ ፈቃድ ላይ "አር" የተባለ ተጨማሪ ይጠይቃል። ቴክሳስ ጥምር ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ፣ የሚጎተተው ደግሞ ከ10,000 ካለፈ ለግል የሆነውን "ክላስ ኤ" ያስወጣል። መነሻህና መድረሻህ ቢፈቅዱም በመሀል የምታቋርጠው አንድ ስቴት ከከለከለ ጉዞው ተበላሸ ማለት ነው። እያንዳንዱን ከመነሳትህ በፊት አጣራ።

ጥያቄ፦ ቶይ ሆለሩ ኋላ ያለው ፓራውልት ወፍራም ብረት ይመስላል። በያጅ ጋንቾ ቢበይድበትስ?

መልስ፦ ጎንበስ ብለህ ከሥር እየው። ውፍረት ያለው የሚመስለው ነገር ባለ 4 ኢንች አራት ማዕዘን ቱቦ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ። የተሠራው የፍሳሽ ቱቦ ለማስቀመጥና ትርፍ ጎማ ለመሸከም ነው። ተሳቢ የሚያያዝበት የጋንቾ ኳስ ሲበየድበት ተሳቢው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ወደ ላይና ወደ ታች ይጠመዝዘዋል። መጀመሪያ ቀለሙ በብየዳው ዳር እንደ ፀጉር በቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ ዝገት ያነባል፤ ከዚያ ፓራውልቱ ከነጋንቾው መንገድ ላይ ይቀራል።

ትክክለኛው ባለ 2 ኢንች ጋንቾ ነው፤ ግራና ቀኝ ባሉት በሁለቱም የሻንሲ ብረቶች ላይ የሚያዝ። ፋብሪካው የገጠመው ከሆነ ጋንቾው ላይ ሁለት ቁጥር ተለጥፎ ታገኛለህ፦ የሚጎትተውና ከላይ የሚሸከመው። 3,000 እና 300 ፓውንድ የተለመደ ነው፤ "ለብስክሌት መስቀያ ብቻ" የሚልም አለ። ምንም ካልተለጠፈበት ለፋብሪካው የሻንሲ ቁጥሩን ልከህ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። የአንዳንዱ ሻንሲ ከአክስሉ በኋላ ያለው ክፍል ከዋናው ብረት ያነሰ ቅጥያ ነው፤ በያጁ ጎበዝ ቢሆንም ደካማ ብረት አያጠነክርም።

ጥያቄ፦ 300 ፓውንድ ምን አላት? ተሳቢው እንደሆነ 15,000 ነው።

መልስ፦ ሚዛኑን እንደ ልጆች ማዘንበያ አስበው፤ አክስሎቹ መሀል ላይ ናቸው። ከአክስሎቹ መሀል እስከ ኋላው ኳስ 13 ጫማ፣ እስከ ፊተኛው ፒን (አፍንጫው ፒክአፑ ላይ የሚያርፍበት ብረት) 26 ጫማ ቢሆን፣ ኋላ ያረፈው 300 ፓውንድ ከፒኑ 150 ያነሳል፤ አክስሎቹ ላይ ደግሞ 450 ይጨምራል። ፒኑ ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ መሸከም አለበት። ጋራዡ ውስጥ 1,500 ፓውንድ ሞተር ሲጫን እሱም ፒኑን ያቀላል። ስለዚህ የኋላ ተሳቢና ሙሉ ጋራዥ አብረው ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚከፋው። አፍንጫው ሲቀል ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አክስሎቹና ጎማዎቹም ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ። የኋለኛው ተሳቢ ራሱ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ኳሱ ላይ ማሳረፍ አለበት። ስለዚህ 300 ብቻ የሚሸከም ጋንቾ ላይ 3,000 ፓውንድ ተሳቢ መስቀል ገደቡ ጫፍ ላይ መቆም ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ በግምት ነው ወይስ የሚመዘንበት ቦታ አለ?

መልስ፦ የጭነት መኪና ማደያ ያለ ሚዛን ላይ ሁለቴ ውጣ፤ በመጀመሪያ ሦስቱንም አያይዘህ፣ ቀጥሎ ትንሹን ፈትተህ። የፒክአፑን የኋላ አክስል ንባብ አወዳድር። ሲፈታ 150 ያህል ከጨመረ ስሌቱ ሠራ ማለት ነው፤ 400 ከጨመረ ኳሱ ላይ ካሰብከው በላይ ከብዷል። መኝታ፣ ውሃና ነዳጅ ለጉዞው እንደሚሆነው ይሁን፤ በባዶ ታንከር የተመዘነ ምንም አይነግርህም።

ጥያቄ፦ የኋለኛውን ፍሬን እንዴት ነው የማገናኘው? ቶይ ሆለሩ ባለ ሦስት አክስል ነው።

መልስ፦ አንድ የኤሌክትሪክ ፍሬን ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይበላል። የቶይ ሆለሩ ስድስት ማግኔት 18 ነው፤ የኋለኛው ሁለት ሲጨመር 24 ይሆናል። አንዳንዱ የፍሬን መቆጣጠሪያ ለስድስት ፍሬን ብቻ የተሠራ ነው፤ መጽሐፉን ተመልከት።

ከዚያ ሽቦው። ከቶይ ሆለሩ አፍንጫ እስከ ኋላ 40 ጫማ ነው፣ ደርሶ መልስ 80። በ16 ጌጅ ቀጭን ሽቦ 6 አምፔር ሲሄድ መንገድ ላይ ወደ 2 ቮልት ይጠፋል፤ ማግኔቱ ይዞ ሳይሆን ዳብሶ ይለቃል። በወፍራሙ 10 ጌጅ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ማሳውንም (የኤሌክትሪኩን ኔጋቲቭ መመለሻ) ከፊት እስከ ኋላ በራሱ ሽቦ ውሰደው፤ በኳሱ በኩል ያልፋል ብሎ መተው ፍሬቻ ሲሰጡ ስቶፕ መብራቱ እንዲጨፍር የሚያደርገው ዋና ምክንያት ነው። መብራቶቹን ኤልኢዲ አድርጋቸው፤ ያለዚያ የፒክአፑ ቫልቮላ የሁለት ተሳቢ አምፖል ችሎ አይዘልቅም።

የጀልባ ተሳቢ ብዙ ጊዜ ሲገፋ ራሱ የሚይዝ የዘይት ፍሬን አለው፤ ሽቦ ስለማይፈልግ ይቀላል። እኔ ግን ኋላ ላይ የምመርጠው ኤሌክትሪኩን ነው። ሰልፉ ሲወዛወዝ ኋለኛውን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፣ የዘይቱ ግን የሚይዘው ፊተኛውን ከገፋ በኋላ ነው።

ድንገት ቢበጠስ የሚያስቆመው ካቦ ለየተሳቢው የራሱ ባትሪ ኖሮት፣ የትንሹ ካቦ ከቶይ ሆለሩ ሻንሲ ጋር ይታሰር። ከሰንሰለቱ ወይም ከኳሱ ጋር ካሰርከው ጋንቾው ሲነቀል አብሮ ይሄዳል፣ አይጎተትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወደ ኋላ እየሄደ ማቆም እችላለሁ ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቂት ጫማ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሆናል። ከዚያ ትንሹ ተሳቢ ታጥፎ የቶይ ሆለሩን መወጣጫ ጥግ ይወጋል፤ ሹፌሩም ትንሹን ተሳቢ በመስታወት አያየውም። ነዳጅ ማደያ ሲገቡ መውጫው ከፊት መሆኑን አይታችሁ ግቡ፤ ካምፕ ውስጥም ገብቶ የሚወጣበት ቦታ ጠይቁ። ሌላው የሚረሳ ነገር መወጣጫው ነው። ትንሹ ተሳቢ እንደታሰረ ከከፈታችሁት መወጣጫው የትንሹ መጎተቻ ምላስ ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ ሞተሮቹን ለማውረድ ትንሹ መጀመሪያ መፈታት አለበት። የኋላ ካሜራም ትንሹ ተሳቢ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ቶይ ሆለሬ ፊፍዝ ዊል ሳይሆን በኳስ የሚጎተት ነው። ያው አይደለም?

መልስ፦ ያው አይደለም፤ ተወው። የፊፍዝ ዊል ፒን የሚያርፈው የፒክአፑ የኋላ አክስል ላይ ነው። የአንተው ግን ከአክስሉ ብዙ ኋላ ያለ ኳስ ላይ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። ብዙዎቹ የሚፈቅዱ ስቴቶችም የሚፈቅዱት ፊፍዝ ዊል ሲቀድም ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ የትንሹ ጎማ ለምን ይፈነዳል?

መልስ፦ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ስለሚሽከረከር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነፋሱ ስላነሰ። ባለ 12 ኢንች ጎማ ላይ "90 ፒኤስአይ" ተጽፎ 50 ተሞልቶ ይሄዳል። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ሙላው። በመጀመሪያው ማረፊያ ቁመህ የጎማውን እምብርት በእጅህ ዳብስ፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅህን ማቆየት ካልቻልክ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል ወይም ፍሬኑ ተጣብቋል። በሰዓት ከ60 እስከ 65 ማይል ይበቃል። የጎማ ነፋስ መቆጣጠሪያ ካስገጠምክ ምልክት ማቀባበያውን ቶይ ሆለሩ ኋላ አድርገው፤ ከ60 ጫማ ርቀት ያለ ሴንሰር እስከ ካቢናው ላይደርስ ይችላል።