ዘፋኙ ከጓዳ የሚዘፍንበት ሸክላ ማጫወቻ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴን የሸክላ ማጫወቻ ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። መርፌው አልቆ ስለነበር የአጎቴ ልጅ ከዱባይ አዲስ ካርትሪጅ (መርፌው ያለበትን፣ ክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ክፍል) ላከልኝ፤ አራቱን ሽቦዎች ራሴ ገጠምኩ። ከሁለቱም ድምፅ ማጉያዎች ይሰማል፤ ቤዙ ግን የለም፤ ዘፋኙም ከጓዳ የሚዘፍን ይመስላል። ልጆቼ ሳሎን ውስጥ ሲሮጡ ደግሞ መርፌው ይዘላል። የካርትሪጁ ወረቀት ክብደቱ 6.5 ግራም፣ ልስላሴው (መርፌው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚተጣጠፍ) በ10 ሄርትዝ 30 ነው ይላል። የክንዱ መመሪያ ደግሞ ሲወዛወዝ የሚቆጠረው የክንዱ ክብደት 18 ግራም ነው ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው?
(ከአዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ)

መልስ፦ ልጄ፣ ግማሹ የአንቺ ነው።

ሁለቱም ወገን እየተሰማ ቤዙ ከጠፋ፣ በአንዱ በኩል ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሳይቀያየሩ አልቀሩም። አንዱ ማጉያ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አምፕሊፋየሩን አጥፊና ከአንዱ ማጉያ ጀርባ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሪ። ቤዙ ከተመለሰ ገመዶቹን ወደ ቦታቸው መልሺና ካርትሪጁ ላይ አስተካክዪ፦ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጋቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጋቲቭ። ያረጀ ማጫወቻ የስንት ጠጋኝ እጅ እንዳለፈበት ስለማይታወቅ ቀለሙን ብቻ አትመኚ። ካርትሪጁን ነቅለሽ እያንዳንዱን ሽቦ እስከ መሰኪያው ድረስ በቴስተር ለኪ፤ የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጋቲቭ ነው።

ሽቦዎቹን በወረንጦ አስገቢ፤ መበየጃ ግን ወደ ካርትሪጁ እግሮች እንዳይጠጋ! በወጣትነቴ «ጠበቅ ይበልልኝ» ብዬ በየድኩት፤ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በጠሰው። የወር ደመወዜ በሁለት ሴኮንድ ዝም አለ።

መዝለሉ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ክንዱ 18፣ ካርትሪጁ 6.5፣ ብሎኖቹ ግማሽ ግራም ቢሆኑ 25 ይመጣል። በ30 ስታባዢው 750፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 27.4 ገደማ ነው። 159ን በዚያ አካፍዪ፤ 5.8 ሄርትዝ። ክንዱና ካርትሪጁ አንዴ ከተነኩ በራሳቸው የሚወዛወዙት በዚህ ፍጥነት ነው፤ በሴኮንድ 5.8 ጊዜ ማለት ነው። የሚፈለገው ከ8 እስከ 12 ነው። የእግር ኮቴና የተጣመመ ሸክላ የሚፈጥሩት ንዝረት እዚያው ዝቅተኛው ክልል ውስጥ ስለሆነ ክንድሽ አብሮ ይወዛወዛል። ለስላሳ መርፌ ቀላል ክንድ ይፈልጋል፤ የአባትሽ ደግሞ ከባድ ነው።

እንዲከብድ ብለሽ ሳንቲም እንዳትለጥፊበት፤ ቁጥሩን ይበልጥ ያወርደዋል፣ ሸክላውንም ይበላዋል። ለአጎትሽ ልጅ «ልስላሴው በ10 ሄርትዝ ከ10 እስከ 15፣ በብሎኖቹ መካከል 12.7 ሚሊ ሜትር» ብለሽ ጻፊለት። እስኪመጣ ድረስ ማጫወቻውን ከወለሉ አንሺና ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው፤ ልጆቹ ይሩጡ።