ሪፖርት የተደረገ ጥቃት ሲጨምር ፕሮግራሙ ከሽፏል ማለት ነው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ፦ «በሶሻል ወርክ ዲግሪ አለኝ። ሦስት ዓመት ኬዝ ወርከር (የእያንዳንዱን ልጅ ጉዳይ የሚከታተል ባለሙያ) ሆኜ ከሕፃናት ጋር ሠርቻለሁ። አሁን አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለጀማሪ ገምጋሚነት፣ ማለትም ፕሮግራሞች ያመጡትን ውጤት ለሚመረምር ሥራ፣ የጽሑፍ ፈተና ሰጥቶኛል። በፈተናው ላይ የቀረበው የሕፃናት ጥበቃ ፕሮግራም ብዙ ሰው አሠልጥኗል፤ ግን ሪፖርት የተደረገው ጥቃት ከመነሻው ይልቅ ጨምሯል። አልተሳካም ብዬ ልጻፍ? ስታቲስቲክስ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሙያ እዘልቃለሁ?»

እህቴ፣ «አልተሳካም» ለማለት አትቸኩዪ። «ተሳክቷል» ለማለትም አትቸኩዪ።

በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት አብዛኛው ተደብቆ የሚቀር ነው። ልጁ ይፈራል፣ ቤተሰብ ያፍራል፣ ጎረቤት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንቺ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንድ ፕሮግራም የሚታመን ሰው ሲያስቀምጥ፣ የሚደወልበት ስልክ ሲያዘጋጅ፣ ዝም ያሉት መናገር ይጀምራሉ። ያኔ ቁጥሩ ይወጣል። ጥቃቱ በእውነት ጨምሮም ሊሆን ይችላል፤ ግጭት ወይም መፈናቀል ባለበት ይህ የተለመደ ነው።

ሁለቱን ለመለየት መረጃውን ፈልፍዪው። ጥቆማው ከማን መጣ? ልጆቹ ራሳቸው መምጣት ከጀመሩ አንድ ነገር ተለውጧል። ጥቃቱ የደረሰው መቼ ነው? ብዙዎቹ የቆዩ ጉዳዮች ከሆኑ ዝምታው ተሰብሯል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ባልደረሰባቸው ተመሳሳይ አካባቢዎችስ ቁጥሩ እንዴት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ልጁ ከተናገረ በኋላ ምን አገኘ? ሕክምና፣ መጠለያ፣ የሕግ ድጋፍ? ነው ወይስ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀረ? ልጅን አናግሮ ባዶ እጁን የሚሸኝ ፕሮግራም፣ ቁጥሩ ቢያምርም ጉዳት ነው የሚያደርሰው። ይህን በመልስሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

የሠለጠኑት ሰዎች ብዛት አያዘናጋሽ። እሱ የተሠራውን ሥራ ይነግርሻል እንጂ ለልጁ ምን እንደተለወጠለት አይነግርሽም።

ፈታኞቹ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት እርዳታ ኮሚቴ ለግምገማ ያወጣቸውን መስፈርቶች እንድታውቂ ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 አምስት ነበሩ፦ አግባብነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተፅዕኖ እና ዘላቂነት። እ.ኤ.አ. በ2019 ተጣጣሚነት ተጨምሮ ስድስት ሆኑ። ስድስቱንም እንደ ፎርም አትሙያቸው። በሕፃናት ጥበቃ ላይ እኔ ዓይኔን የምጥለው በሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው ዘላቂነት ነው፦ በጀቱ ሲያልቅ የኬዝ ወርከሩ ደመወዝ ይቆማል፤ ጉዳያቸው በእንጥልጥል ያሉት ልጆች ለማን ይቀራሉ? ሌላው ተጣጣሚነት ነው፦ አንዱ ለጋሽ ልጆችን ወደ ቤተሰብ ሲመልስ ሌላው እዚያው አካባቢ አዲስ የሕፃናት ማሳደጊያ የሚገነባ ከሆነ፣ ሁለቱ እየተጎታተቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ (ከወላጅ ውጪ የሚደረግ የልጅ አያያዝ) መመሪያ ቅድሚያ የሚሰጠው ልጁ ከቤተሰቡ ጋር እንዲኖር ነው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 3 ደግሞ የልጁን ጥቅም ያስቀድማል። ገምጋሚ ሁለቱን አብሮ መያዝ አለበት። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ልጅ የደረሰበትን ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግም ከቡድኑ ጋር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ታሪኩ ፋይሉ ውስጥ ነበር። ማናችንም አላነበብነውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መረጃው ሌላ ቦታ ካለ ልጁን አትጠይቂ። ከጠየቅሽ የአሳዳጊው ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ራሱ መስማማት፣ ሲፈልግም ማቆም መቻል አለበት። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ አደጋ ላይ ያለ ልጅ ሲያጋጥምሽ መናገርሽ አይቀርም። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት የሚላክበት አገልግሎት ዝግጁ ይሁን።

ስታቲስቲክሱን በተመለከተ፣ ማስተርስ አሁኑኑ አያስፈልግሽም። የናሙና አወሳሰድን ተማሪ፣ ኤክሴልን በደንብ ልመጂ፣ ሠንጠረዥ አንብበሽ መጠየቅ ቻዪ። ከባዱን ስሌት የሚሠራ ሰው ከቡድኑ አይጠፋም። ልጅ ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያውቅ ግን ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ዩኒሴፍ የግምገማ ሪፖርቶቹን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል፤ ሦስት መርጠሽ አንብቢ። መጀመሪያ የጥናቱን ዘዴና ውስንነት የሚያስረዳውን ክፍል እይ። አንዳንዱ ሪፖርት እዚያ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

ፈተናውን ስትጽፊ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የቁጥሩ መጨመር ብቻውን ፍርድ ለመስጠት እንደማያስችል ተናገሪ። ከዚያ ለመፍረድ የትኛው መረጃ እንደሚያስፈልግሽ ዘርዝሪ። ከሥራሽ ምሳሌ የምትጠቅሺ ከሆነ ስም፣ ሰፈርና ዕድሜ አትጻፊ፤ ልጁን የሚያውቅ ሰው ቢያነበው እንኳ እንዳይለየው አድርገሽ ጻፊ።