አምፖሉ እየበራ ለምን ታመመ? ስለ እስስት ጤና ለተጠየቁ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እስስት ግን ይህን ተረት አልሰማም። በዱር ደካማ መስሎ የታየ እስስት የወፍና የእባብ ቀለብ ስለሚሆን፣ ሕመሙን እስከ መጨረሻው አፍኖ ይይዘዋል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ትናንት ደህና ነበር» ብለው የሚጀምሩትም ለዚህ ነው። ትናንትም ደህና አልነበረም፤ አላስታወቀም እንጂ።

ጥያቄ፦ የእስስቴ ዓይኖች ወደ ውስጥ ከገቡ ሁለት ቀን ሆናቸው። በማደሪያው ውስጥ ንጹሕ ውሃ በሳህን አስቀምጬለታለሁ፤ ሲጠጣ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

መልስ፦ ወደፊትም አያዩትም። አብዛኞቹ እስስቶች የረጋ ውሃን ውሃ መሆኑን አይለዩትም። የሚጠጡት ቅጠል ላይ ያረፈ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። ሳህኑን ያውጡት፤ ለቀለብ የገባውን ፌንጣ ከማስጠምና ቆሻሻ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም። በምትኩ ለብ ያለ ውሃ በመርጫ ቅጠሎቹ ላይ ይርጩ። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ እንደተቆጣ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። ሌላው ዘዴ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን በመርፌ ወግቶ ከማደሪያው በላይ ማስቀመጥና በየአንድ ሁለት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቅጠል ላይ እንዲወርድ ማድረግ ነው። የሚያብረቀርቅ፣ የሚንቀሳቀስ ጠብታ ምላሱን ይጠራዋል።

ኩሱንም ይመልከቱ። ከቡናማው ጋር የሚወጣው ጠጣር ሽንቱ ነው። ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ብርቱካናማና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በሲሪንጅ አፉ ውስጥ ውሃ አይጨምቁበት። የአየር ቧንቧው በር ያለው እዚያው አፉ ውስጥ ስለሆነ ውሃው በቀላሉ ወደ ሳንባው ይገባል። በአንድ ቀን ውስጥ ዓይኑ ካልተመለሰ ወይም ቀን ቀን ጨፍኖ ከዋለ ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ በቆዳው ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል። ኩላሊቱም ታሞ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር እስስት አለኝ። ቅርንጫፍ ሲይዝ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ የፊት እግሮቹም የጎበጡ ይመስላሉ። ምላሱን ይወረውራል፤ ግን አይደርስለትም። አምፖሉ ከቀድሞው እስስቴ የተረፈ ሲሆን በደንብ ይበራል። ለካልሲየሙ ወተት ልስጠው?

መልስ፦ ወተቱን ለራስዎ ይጠጡት። ተሳቢ እንስሳ ወተት ለመፍጨት አልተፈጠረም። የጻፉልኝ ምልክት ሁሉ የአጥንት መሳሳትን ያመለክታል፤ ከማደሪያ ስሕተት ከሚመጡት የእስስት በሽታዎች እጅግ የተለመደው እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስስት ከፀሐይ የሚያገኘው ዩቪቢ የሚባለው የማይታይ ጨረር ቆዳው ላይ ሲያርፍ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል። ከምግቡ ውስጥ ያለውን ካልሲየም አንጀቱ የሚቀበለው በዚህ ቫይታሚን አማካይነት ነው። ጨረሩ ከሌለ ካልሲየም ቢበላም ያልፈዋል። ልብና ጡንቻው ግን ካልሲየም ሳያገኙ መሥራት ስለማይችሉ ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ይበደራል። አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ምላሱም ጉልበት ያጣል።

አሁን ወደ አምፖልዎ ልምጣ፤ ቤት ውስጥ ለሚኖር እስስት በፀሐይ ፈንታ ዩቪቢ የሚሰጠው እርሱ ነው። እኔም በመጀመሪያው እስስቴ ጊዜ «አምፖሉ ይበራል!» ብዬ ከሐኪሙ ጋር ተከራክሬ ነበር። «የሚበራው ለአንተ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሚታየው ብርሃን ሳይደበዝዝ ዩቪቢው ቀድሞ ይደክማል፤ ስለዚህ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አምፖሉ መለወጥ አለበት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አምፖል በሰቀልሁ ቁጥር ቀኑን ማቀፊያው ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም አይተካውም፤ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ያስቀረዋል። በአምፖሉና በእንስሳው መካከል መስታወት ወይም ፕላስቲክ ካለም ያው ነው።

ፌንጣዎች ፎስፎረስ እንጂ ካልሲየም የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከመስጠትዎ በፊት ፌስታል ውስጥ ከካልሲየም ዱቄት ጋር ወዝወዝ ያድርጓቸው፤ ዱቄት ቤት ውለው የመጡ መስለው ይወጣሉ። ቶሎ ይስጡት፤ ፌንጣ ዱቄቱን ከገላው ለማራገፍ ጊዜ አይፈጅበትም። በማደግ ላይ ላለ እስስት ዲ3 የሌለውን ዱቄት በየምግቡ፣ ዲ3 ያለበትን በወር ሁለት ጊዜ ያህል መስጠት የተለመደ ነው። የእርስዎ ግን ምላሱ እስከመድከም ስለደረሰ ሐኪም ሳያየው በዱቄት ብቻ አይድንም።

እስከዚያው ቅርንጫፎቹን ዝቅ አድርገው አቀራርቧቸው፤ ቢወድቅ እንዳይሰበር። ከቅርንጫፍ ላይ በጉልበት አይንቀሉት። መዳፍዎን ከፊቱ ያቅርቡና ራሱ አንድ በአንድ እየጨበጠ ይውጣ። የጎበጠው እግር ሙሉ በሙሉ ባይቃናም አጥንቱ ሊጠነክር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ13 ዓመት ልጅ ነኝ። እስስቴ አምፖሉ ሥር አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ጓደኛዬ ሳንባ ምች ነው አለኝ። ይሞታል?

መልስ፦ አይዞህ፣ መጀመሪያ የት ሆኖ እንደሚከፍት ተመልከት። መሞቂያ አምፖሉ ሥር ብቻ ከሆነ ሞቆታል፤ ውሻ ሲሞቀው እንደሚያለከልከው ማለት ነው። ቴርሞሜትሩን ጀርባው በሚያርፍበት ቦታ አድርገህ ለካ። በየቤቱ በብዛት ለሚገኘው የየመን እስስት፣ አዋቂ ከሆነ፣ መሞቂያው ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ይበቃዋል። አምፖሉንም ሊነካው እንዳይችል አርቀው። እስስት ጀርባው እየተቃጠለም ቁጭ ሊል ይችላል።

በቀዝቃዛው ጥግ ወይም ሌሊት አፉን ከከፈተ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ጠቅ ጠቅ ወይም ፉጨት ከተሰማህ፣ አፉ ዳር አረፋ ካየህ ጓደኛህ ልክ ነው። በዚያው ቀን ለወላጆችህ ንገርና ሐኪም ይየው። ከሰው የተረፈ መድኃኒት አትስጠው። ማደሪያው አራቱም ጎኑ መስታወት ከሆነ አየሩ ታፍኖ እርጥብ ሆኖ ይቆያልና ወደ ወንፊት ግድግዳ ለውጡት። በአንዱና በሌላው ርጭት መካከል ቅጠሉ መድረቅ አለበት። እጅህንም በነካኸው ቁጥር በሳሙና ታጠብ፤ ጤነኛ እስስትም ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሴቷ የየመን እስስቴ ወንድ አይታ አታውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ግን የማደሪያውን ወለል ስትጭር ትውላለች፣ ምግብም ቀንሳለች። ምን ሆና ነው?

መልስ፦ እንቁላል ይዛለች። ዶሮ ያለ አውራ እንደምትጥል ሁሉ እርሷም ያለ ወንድ ትጥላለች፤ ጫጩት አይወጣውም እንጂ እንቁላሉ መውጣቱ አይቀርም። አሁኑኑ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ በእርጥብ አሸዋ ሞልተው ያስገቡላት። እርጥበቱን ለመፈተን ጣትዎን ሰክተው ያውጡ፤ ቀዳዳው ሳይናድ ከቆመ ልክ ነው። ከዚያ ማደሪያውን በጨርቅ ይጋርዱና ዞር ይበሉ። ሰው እያያት መሆኑን ካወቀች ጉድጓዱን ትታ ልትሄድ ትችላለች፤ እንቁላሉም በሆዷ ይቀራል።

ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከደከመች፣ ወለል ላይ ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠች ሐኪም ሳያያት ሌሊቱን አያሳድሯት፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ደህና ከጣለች ግን ብዙ ውሃና ካልሲየም ይስጧት። ለሚቀጥለው ጊዜ ምግቧንና ሙቀቷን በልክ ያድርጉ። ጠግባና ሞቋት የኖረች ሴት በአንድ ጊዜ ከ50 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ያ ደግሞ ይጨርሳታል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ግንድ ላይ ሳይሆን አረንጓዴ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ለምን ይጠቁራል?

መልስ፦ ወላዋይ ሰውን «እስስት» ብለን ስንሰድብ እንስሳውን በደልነው። ቀለሙን የሚለውጠው የተቀመጠበትን ለመምሰል ሳይሆን በስሜቱና በሙቀቱ ምክንያት ነው። ጠዋት መጥቆሩ ሙቀት ለመሰብሰብ ነው። ሞቆትም ከጠቆረ የሚያስጨንቀውን ይፈልጉ፤ ሌላ እስስት፣ ድመት፣ በመስታወት የሚታይ የገዛ መልኩም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይኑ ድንገት አብጦ ወጣና ቅርንጫፍ ላይ ያሸው ጀመር። ደነገጥሁ።

መልስ፦ ዓይኑን እያጠበ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። እስከ ማግስቱ አብጦ ከቆየ ኢንፌክሽን ወይም የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚኑን ግን ራስዎ አይስጡት፣ ሲበዛ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ አዋቂ እስስቴ ምግብ ከተወ ሳምንት ሆነው። አፉን ከፍቼ ላጉርሰው?

መልስ፦ አያጉርሱት። መንጋጋው ሊሰበር፣ ምላሱም ሊጎዳ ይችላል። ቢውጠውም የቀዘቀዘና ውሃ የጠማው አንጀት አይፈጨውም፤ እዚያው ይበሰብሳል። መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ያስተካክሉ፤ ምግብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዋቂ እስስት አንዳንዴ ያለ ሕመምም ይጾማል፤ ከፌንጣ ወደ ትል ቢቀይሩለት ይበላ ይሆናል። ያልበላውን ፌንጣ ማታ ማታ ያውጡ፤ የተኛውን እስስት ይነክሰዋል።

በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፣ በየሳምንቱም ግራሙን ይጻፉ። ቁጥሩ ከወረደ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ጨለም ባለ፣ ቅርንጫፍ በተጋደመበት ሳጥን ይዘውት ይሂዱ። አዲስ ኩስ በፕላስቲክ፣ የማደሪያውን ፎቶግራፍ ደግሞ በስልክዎ ይያዙ። አምፖሉ የተገዛበትን ቀንም ፈልገው ይሂዱ፤ ሐኪሙ እስስቱን ገና ሳይነካ የሚጠይቅዎ እርሱን ነው።