ጓሮሽ ውስጥ ያለው ባሚያ ነው

እህቴ፣ ባሚያ ነው። ይበላል፤ ከተሠራለት ደግሞ በጣም ይጣፍጣል። እባክሽ አትንቀዪው።

ጥያቄውን ላላየ ሰው ባጭሩ ልናገር። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ አንዲት እህት በተከራየችው ቤት ጓሮ ውስጥ የቀድሞዎቹ ተከራዮች ተክለውት የሄዱት ነገር አድጎ ቢጫ አበባ አወጣ። ፍሬው ቃሪያ ይመስላል፤ ግን አያቃጥልም። ቀቅላ ስትሞክረው ድስቱ ሙሉ ተዝለገለገባት። ገሚሱ ደግሞ ጠንክሮ አልታኘክ አለ። «ምንድን ነው? ይበላል? እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላ ከፎቶ ጋር ጠይቃለች።

እኔ ባሚያን የለመድኩት መተማ ስሠራ ነው። እዚያ ከሱዳን ጋር ገበያውም ማዕዱም የተቀላቀለ ስለሆነ ባሚያ እንግዳ ነገር አይደለም። ደርቆ ሲወቀጥ ወይካ ይሉታል። ከቤንሻንጉል በኩል የመጡ ጎረቤቶች ካሉሽም ጠይቂያቸው፤ ከእኔ የተሻለ ያስተምሩሻል።

መጀመሪያ ግን ፎቶ ያታልላልና እርግጠኛ ሁኚ። አንዱን ፍሬ በአግድሙ ቁረጪው። ባሚያ ከሆነ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ክፍል አለው፤ ኮከብ የመሰለ ቅርጽ ታያለሽ። በየክፍሉ ክብ ነጫጭ ዘሮች ተደርድረዋል። ከውጭ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ጠርዞች አሉት፤ ሲዳስሱት ጸጉራም ነው። አበባው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ መሀሉ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ጠዋት ፈክቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ከጥጥ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የጥጥ አበባ ያየ ሰው ዝምድናቸውን ወዲያው ይለያል።

ይህን ያህል የማጠብቀው በየአጥሩ ሥር አጤ ፋሪስም ስለሚበቅል ነው። እሱ ነጭ ረጅም አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው ሲሆን መርዝ ነው። ካንቺ ተክል ጋር አይመሳሰልም። ቢሆንም ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ እሱን ለይታችሁ ንቀሉት።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ።

ያልታኘከልሽ ጊዜው ያለፈበትን ስለቀቀልሽ ነው። ባሚያ አበባው ከረገፈ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ባለው ቀን ውስጥ ይለቀማል። ያኔ ቁመቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁመት ብቻውን ግን አይበቃም። ጫፉን በአውራ ጣትሽ እጠፊው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለጋ ነው። ከተጣመመና ጭረቱ ከታየ ለዘር ተዪው፤ የቱንም ያህል ብትቀቅዪው አይለሰልስም። በሙቀት ወቅት በየሁለት ቀኑ ካልለቀምሽው ያልፍብሻል። ካልተለቀመ ደግሞ ተክሉ አዲስ ማፍራቱን ይቀንሳል። ስትለቅሚ እጅጌሽን አውርጂ፤ ጸጉሩ አንዳንድ ሰው ላይ ክፉኛ ያሳክካል።

የዝልግልጉን ነገር ብዙ ሰው የመበላሸት ምልክት ያደርገዋል። አይደለም። ተልባ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ዓይነት ነገር ነው። ውኃ በነካው ቁጥር ይበዛል፤ ለዚህ ነው ቀቅለሽ ስትሞክሪው ድስቱን የሞላው። ስለዚህ ባሚያን መጀመሪያ የሚሞክር ሰው ቅቅሉን ትቶ በጥብሱ ይጀምር እላለሁ።

እጠቢውና በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ አድርቂው። ይህችን ነገር አትዝለያት። እርጥብ ሆኖ ከተከተፈ ገና መክተፊያው ላይ ክር መምዘዝ ይጀምራል፤ ቢላዋውን ባነሳሽ ቁጥር ክሩ ተከትሎ ይነሳል። ደረቁን ግን በጣት ውፍረት ክተፊው። ሰፊ መጥበሻ ላይ ዘይት በደንብ ይጋል፤ ባሚያውን ሳይደራረብ በትኚው። አትክደኚው፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ቶሎ ቶሎም አታማስዪው። አንድ ጎኑ ቡናማ ሲል ገልብጪው። ከዚያ ቀጭን የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሪ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ቀድሞ ከገባ ውኃ ያስወጣዋል። ስታወጪው ሎሚ ጭመቂበት። ዝልግልጉ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በእንጀራም በዳቦም ይሄዳል፤ ጾም ሲሆን ደግሞ ከሽሮና ከጎመን ሌላ አማራጭ ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ብረት ድስት ወይም ብረት መጥበሻ ባሚያን ያጠቁረዋል። አይጎዳም፤ መልኩ ግን ያስጠላል። ሸክላ ድስት ወይም የማይዝግ ብረት ይሻላል።

ከለመድሽው በኋላ ዝልግልጉን መፍራት ትተዪያለሽ። እንዲያውም በወጥ ውስጥ የምፈልገው እሱን ነው፤ መረቁን ያወፍርልኛል። እዚህ ጣና ዳር ሆነን ደግሞ ከዓሣ ጋር አለመሞከር ያሳዝናል። ሽንኩርቱን አቁላዪ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ፣ ቲማቲም አብዥ። ቲማቲሙ በቁላው ውስጥ ሲሟሟ ትንሽ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጊና ባሚያውን ሙሉውን ወይም ለሁለት ተቆርጦ ክተቺ። አሥር ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ዓሣው ይገባል። አምባዛ ሥጋው ጠንከር ስለሚል አይፈራርስም። ቆሮሶ ከሆነ ግን ከገባ በኋላ ማማሰያ አታስነኪው፤ ድስቱን ብቻ ወዝወዝ አድርጊ። ኮረሪማ በትንሹ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤታችሁ ልተወው። በፍስክ በበግ ሥጋም ይሠራል፤ ሥጋው ቀድሞ ይብሰልና ባሚያው ወደ መጨረሻ ይግባ።

ከተረፈሽ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ከትፈሽ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ አድርቂው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጥሩ ይደርቃል። ከዚያ ወቅጠሽ በጠርሙስ አስቀምጪው። ወይካ የሚባለው ይኸው ነው። ወጥ ሲቀጥንብሽ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል።

ሁለት ነገር ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። የመጀመሪያው መርጨት ነው። ባሚያ ላይ ክሽክሽ፣ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ይወጣል። በየአካባቢያችን ለጫት የሚረጨውን ፀረ ተባይ ወስደው ጓሮ አትክልት ላይ የሚረጩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ባሚያ በየሁለት ቀኑ የሚለቀም ነገር ነው፤ መርዙ ሳይጠፋ ማዕዳችሁ ላይ ይደርሳል። ክሽክሹን ቅጠሉን ገልብጣችሁ በውኃ ግፊት እጠቡት፤ ካልሆነ ስስ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ከጥያቄሽ ሥር «ባሚያ ስኳር ይፈውሳል፣ ውኃውን ጠጪ» የሚል አስተያየት አይቻለሁ። ባሚያ አሰር የበዛበት፣ ቫይታሚን ሲና ፎሌትም ያለው ጥሩ ምግብ ነው። መድኃኒትን ግን አይተካም። ስኳር ያለበት ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ትቶ የባሚያ ውኃ ቢጠጣ ራሱን ይጎዳል። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ቫይታሚን ኬ ስላለው ባሚያን በብዛት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ለሚቀጥለው ዓመት ከጠንካራው ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ሳትለቅሚ ተዪ። እዚያው ደርቆ ሲሰነጠቅ ዘሩን አውጪ። ዘሩ ድፍን ያለ ቆዳ ስላለው ከመዝራትሽ በፊት ሌሊቱን በውኃ ይደር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንደ መተማ አትሞቅም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እድገቱ ቀጥ ይላል። ውኃ ካለሽ የካቲት መጨረሻ ላይ ዝሪ፤ ከሌለሽ ግንቦት ላይ ዝናቡን ጠብቂ። አፈርሽ ዋልካ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሪለት፤ ሥሩ ክረምት ላይ ውኃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። በግንዶቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር። ዘር ካነሰሽ ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።